ከመስከረም በፊት፤ ለመንገድ ማሽን ነባር መካኒኮች

ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ አይደለም። ለእናንተ ነው፤ ፀጉራችሁ ጋራዥ ውስጥ ለሸበተው፣ የግሬደሩን ድምፅ ከግቢው በር ሰምታችሁ የቱ ጋ እንደታመመ ለምታውቁት፣ ዛሬ በየፕሮጀክቱና በየዲስትሪክቱ «ጋሼ፣ ይፈርሙበት» እየተባለ የርክክብ ቅጽ ለሚቀርብላችሁ። ነሐሴ ነው፤ ግቢው ሞልቷል። ዝናቡ ሥራ ያስፈታቸው ግሬደሮች፣ ሮለሮች፣ ገልባጮች፣ ሻወር ትራኮችና የሬንጅ መርጫ መኪናዎች ተሰልፈው ቆመዋል። መስከረም ሲጠባ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይፈለጋሉ። «መቼ ይወጣል?» የሚለው ስልክ ከአሁኑ መደወል ጀምሯል። በዚህ ጥድፊያ መሀል የምናኖረው ፊርማ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልታስጨርሱኝ ይገባል።

ችግሩ ሁላችንም ፊት ለፊት የምናየው ነው። ፍተሻ የሚባለው ነገር ከጋራዣችን እየጠፋ ነው። ጥገናው አልቆ ሞተሩ ከተነሣ፣ ጭሱ ከጠራ፣ ብሌዱ ከፍና ዝቅ ካለ «አልቋል፣ ውሰዱት» ይባላል። ጭነት ተሸክሞ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ዳገትና ቁልቁለት ቀምሶ የሚፈተሽ ማሽን ጥቂት ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላው ነው፤ ስንፈትሽም የምንፈትሸው በሰው አካል ነው። የሚያፈስ ቱቦ በመዳፍ እንፈልጋለን፣ የጋለ ነገር በጣት ጫፍ እንነካለን፣ በሃይድሮሊክ ብቻ በተሰቀለ ብረት ሥር ገብተን ቡሎን እናጠብቃለን። እኛ በዕድልም በልምድም አልፈነዋል። አጠገባችን ቆሞ የሚያየው ረዳት ግን የወሰደው ልምዱን አይደለም፤ ድርጊቱን ነው። «ጥንቃቄ አድርግ» ስንለው አንገቱን ነቅንቆ፣ ዞር ስንል እኛ ያደረግነውን ያደርጋል።

የመንገድ ማሽን ሙያ በአገራችን ዝም ብሎ የበቀለ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካ የመንገድ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች እገዛ ሲቋቋም፣ መንገድ መሥራትና ማሽን መጠበቅ አንድ ላይ የሚሄዱ ሥራዎች ሆነው ነው የገቡት። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ፣ በአለምገና ማሠልጠኛ ያለፈውም ሌላውም፣ የተማረው ማሽን ከመፍታቱ በፊት መጠየቅን፣ ከገጠመው በኋላ መፈተንን ነበር። ያ ልማድ በእኛ እጅ እንዳይሞት ነው የምፈራው።

ከሃይድሮሊኩ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚንቀው እሱን ነውና። የግሬደር ወይም የሎደር ሃይድሮሊክ ሥራ ላይ ሲሆን ከ200 ባር በላይ ይደርሳል። ዘይት የሰውን ቆዳ በስቶ ለመግባት 7 ባር ያህል ይበቃዋል። በመርፌ ቀዳዳ መጠን ከተሰነጠቀ ቱቦ የሚወጣው ዘይት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለዓይን አይታይም፤ እንደ ስስ ጉም ነው። ጓንት አያቆመውም። በዘመናዊ ሞተሮች የናፍጣ መስመር ላይ ያለው ግፊት ከዚህም በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ከ1,500 ባር የሚያልፍ አለ። «መስመሩን ላላ አድርገህ አየሩን አስወጣ» የሚለውን የድሮ አሠራር በእነዚህ ሞተሮች ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ ማዘዝ ልጁን ለጥይት መስጠት ነው።

አንድ የማውቀው ረዳት ነበር፤ ገና ሃያዎቹን የጀመረ፣ እጁ ለሙያ የተፈጠረ ልጅ። ሞተሩ እየሠራ፣ አለቃው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳሰሰ። «የሆነ ነገር ወጋኝ» አለ። ጣቱ ላይ ነጥብ እንጂ ቁስል አልነበረም። ሕመምም ስላልነበረው እስከ ማታ ሠራ። ሌሊት እጁ አበጠ። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ማስታገሻ ሰጥቶ በፋሻ ጠቅልሎ መለሰው፤ ማንም ምን እንደገባበት አልነገራቸውምና። ትልቅ ሆስፒታል ሲደርስ ሁለት ጣቶቹን ማዳን አልተቻለም። አለቃው መጥፎ ሰው አልነበረም። በሙያው የተከበረ፣ ልጁን እንደ ልጁ የሚያይ ሰው ነበር። ልጁን ጣቶቹን ያሳጣው ግን በቃል ያስተማረው ሳይሆን ሲያደርግ ያሳየው ነው።

ይህ አደጋ የሚያታልለው ስለማያም ነው። ዘይቱ ከቆዳ ሥር ገብቶ ሥጋውን እያበላሸ ሳለ ሰውየው ይስቃል፣ ምሳውን ይበላል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ግን በሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጣቢያችሁ ከከተማ የራቀ ከሆነ የትኛው ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪም እንዳለው አስቀድማችሁ እወቁ። የተወጋ ሰው ሲኖር «እስቲ ያድርና እንየው» አትበሉ። አብሮት የሚሄደው ሰው ለሐኪሙ «በከፍተኛ ግፊት የሃይድሮሊክ ዘይት ገብቶበታል» ብሎ፣ የዘይቱን ዓይነት ጽፎ ይዞ ይናገር። የሚያፈስ ቦታ መፈለግ ካለባችሁ ቁራጭ ካርቶን ወይም ጣውላ ውሰዱ፤ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ፤ እጅ አይጠጋ። ቱቦ ከመፈታቱ በፊት ደግሞ ብሌዱም ባልዲውም መሬት ይረፍ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ሊቨሮቹ ወዲያና ወዲህ ተነቅንቀው የታመቀው ግፊት ይውጣ።

እዚህ ላይ ስለ አኩሙሌተር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። የመሬት ናዳ የዘጋውን መንገድ ለመክፈት ቋጥኝ የሚሰብረው የእስካቫተር ሐመር፣ እንዲሁም የአንዳንድ ማሽኖች ፍሬን፣ ግፊት የሚያጠራቅም አኩሙሌተር አላቸው። ሞተሩ ቢጠፋም እሱ አይጠፋም። የሚሞላውም በናይትሮጅን ብቻ ነው። ናይትሮጅን በየቦታው አይገኝም፤ የኦክስጅን ጠርሙስ ግን በየብየዳ ክፍሉ ቆሟል። «ጋዝ ጋዝ ነው» ብሎ በኦክስጅን መሙላት የታሰበበት ቦታ እንዳለ ሰምቻለሁ። ኦክስጅንና ዘይት በግፊት ከተገናኙ ይፈነዳሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው አንድ ስለሆነ ብቻ፣ እሱም በዚያ ቀን ፈቃድ ላይ ስለሆነ ብቻ የሚሞት ሰው እንዳይኖር፣ ለረዳቶቹም ለመጋዘን ሠራተኛውም በግልጽ ንገሯቸው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ፤ የሬንጅ መርጫው መኪና። በግቢያችን ካሉት ማሽኖች ሁሉ እንደ እሱ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ፣ መስከረም ላይ በድንገት እሳት የሚነድበት የለም። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ዝናብ ይገባበታል። ቢገጥምም በሌሊቱ ብርድ ከውስጥ የሚጤዘው ውሃ ወደ ታች ይጠራቀማል። በመስከረም ከ150 ዲግሪ በላይ የጋለ ሬንጅ ይገለበጥበታል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። እንደኛ ባለ ደጋ አገር፣ አየሩ በሳሳበት፣ የበለጠ ይሰፋል። ያኔ ሬንጁ አረፋ ሆኖ በክዳኑ ይገነፍላል፤ ከላይ ቆሞ ደረጃውን ለሚለካው ልጅ የሚያመልጥበት ጊዜ አይሰጠውም። በኢሙልሽን ሲሠራ የነበረ ታንከር ሳይጸዳ ወደ ጋለ ሬንጅ ሲዞርም ያው ነው፤ ኢሙልሽን ራሱ ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ውሃ አለበትና።

በርነሩን በተመለከተ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ በታንከሩ ውስጥ እሳት የሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ሙሉ በሙሉ በሬንጅ ሳይሸፈኑ አይለኮስም። «ለፍተሻ ትንሽ ላንድደው» የሚባለው በጋራዥ ውስጥ ነው፣ ታንከሩ ባዶ ወይም ግማሽ ሆኖ። ያልተሸፈነ ቧንቧ ይግላል፣ በላዩ የተጠራቀመውን ትነት ይለኩሳል። ኤም ሲ 30 የሚባለው ቀጭን ሬንጅ ከሆነ ነገሩ የከፋ ነው፤ ውስጡ ነጭ ጋዝ አለበት፣ ትነቱ በ40 ዲግሪ ግድም እሳት ሊይዝ ይችላል። በአፋር ወይም በጋምቤላ ፀሐይ የቆመ ታንከር ይህን ሙቀት ያለ እሳት ያገኘዋል። «ባዶ ነው» ተብሎ የሚበየድ ታንከር ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ባዶው በትነት የተሞላ ነውና። ሳይታጠብ፣ ሳይናፈስ፣ ውስጡ ሳይረጋገጥ በታንከር ላይ የብየዳ ብልጭታ እንዲያርፍ የሚፈቅድ አለቃ በዚያ ግቢ ላሉ ሰዎች ሁሉ ነፍስ ተጠያቂ ነው።

ስለ ቴርሞሜትሩም አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቻችን ቴርሞሜትር የምናረጋግጠው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ነክረን ነው። «100 ካላሳየ ተበላሽቷል» ብሎ መርፌውን የሚያስተካክል አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። እዚህ ሆኖ 100 እንዲያሳይ የተደረገ ቴርሞሜትር ወደ 8 ዲግሪ ይዋሻል፤ ደብረ ብርሃን ላይ የተስተካከለው ደግሞ ከዚያም በላይ። የሬንጅ ሙቀት ላይ 8 ዲግሪ ትንሽ አይደለም። ትክክለኛውን መሣሪያ ያበላሸ ሰው ደግሞ ምንም ሳይጠረጥር፣ በሙሉ ልብ ነው የሚፈርመው።

ሬንጅ ያቃጠለው ሰው ቢኖር፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት፣ ከ20 ደቂቃ ያላነሰ። የተጣበቀው ሬንጅ አይላጥ፤ ቆዳውን ይዞ ይነሣል። ናፍጣ ወይም ቤንዚን አይቀባ። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ በሬንጅ መኪና ላይ አይውጣ፤ ውሃ ያልያዘ የሬንጅ መኪናም ወደ ሥራ አይላክ።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ ልናገር። የገልባጭ ሳጥን ተሰቅሎ ሲሠራበት የብረት መደገፊያው ሳይገባ አንገት ከሥሩ አይገባም፤ በክሪክ ብቻ የተሰቀለም እንደዚያው፣ ጎማዎቹም ታኮ ሳይደረግባቸው አይሠራም። ቀለበት ያለው ቸርኬ የሚነፋው በብረት መከላከያ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ጎማው ያልወጣለት ቸርኬ ደግሞ አየሩ ቢተነፍስ እንኳ አይበየድ፤ ከውስጥ የሚግለው ጎማ ጋዝ ፈጥሮ ይፈነዳል። የኋላ ፍሬን የስፕሪንግ ማሰሮው ቁልፉ ሳይታሰር አይፈታ። የሮለር ንዝረት በሲሚንቶ ወለል ላይ አይሞከር፤ ኩሽኔታውን ይበላዋልና አሮጌ ጎማ ወይም ለስላሳ አፈር ላይ ይቁም።

ሞተሪኖን በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሣት ግን ባጭሩ አይታለፍም። ይህን ልማድ ከሥሩ ንቀሉት። ማሽኑ ማርሽ ላይ እንዳለ እንዳይነሣ፣ ኦፕሬተሩ ወንበሩ ላይ ሳይኖር እንዳይንቀሳቀስ፣ የእጅ ፍሬኑ ሳይለቀቅ እንዳይሄድ የሚከለክሉት ገመዶችና ስዊቾች ሲያስቸግሩ «ዳይሬክት አድርገው» ይባላል። ከጎማው ፊት ቆሞ የሚያስነሣው ልጅ የቆመው ማሽኑ ከተንቀሳቀሰ የሚረግጠው ቦታ ላይ ነው። ዳይሬክት የተደረገ ማሽን በርክክብ ቅጽ ላይ «ተስተካክሏል» ተብሎ ሲወጣ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያስታውሰውም። ከዓመት በኋላ በሌላ ጣቢያ ሌላ ሰው ሲገደልበት «ማሽኑ በራሱ ተንቀሳቀሰ» ይባላል። ማሽን በራሱ አይንቀሳቀስም። የሆነ እጅ መከላከያውን አውጥቶለታል።

ፍሬን የሚፈተሸውም በሜዳ ላይ አይደለም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርደውን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ሊማሊሞንም ጣርማበርንም ታውቃላችሁ። ውሃ የጫነ ሻወር ትራክ ወይም ሬንጅ የጫነ መኪና በእነዚያ ቁልቁለቶች የሚወርደው ጋራዡ ውስጥ በተደረገለት ፍተሻ ነው። በባዶው፣ በለጥ ያለ ግቢ ውስጥ ሁለት ጊዜ ፍሬን ይዞ ማቆም ምንም አያረጋግጥም። ግማሽ የሞላ ታንከር ደግሞ ከሙሉው ይለያል፤ ፈሳሹ ወደ ፊት ሲገፋ መኪናውን ይገፋዋል። ፍተሻው በጭነት፣ በቁልቁለት፣ ፍሬኑ ከሞቀ በኋላ ይሁን፤ የሚነዳው ሰውም ብቻውን ይንዳ እንጂ ረዳቶች በላዩ አይሳፈሩ።

ሰው ማዳን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ማዳን የሚቻለው እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ነው። ኖዝሎቹ የተደፈኑ ወይም አንግላቸው የተዛባ የሬንጅ መኪና ሲረጭ መስመር እየተወ ያልፋል። ታንከሩ ባዶ እየሆነ ሲሄድ ስፕሪንጉ ስለሚነሣ የመርጫው ከፍታም አብሮ ይለወጣል፤ ጠዋት የተስተካከለው ቀትር ላይ ተዛብቷል። ሬንጅ ባልነካው መስመር ላይ ጠጠሩ ይነቀላል፣ በሚቀጥለው ክረምት ውሃ ይገባበታል፣ ከዚያ ጉድጓድ ነው። የግሬደሩ ሰርክል ከላላ ብሌዱ እየዘለለ ይቆርጣል፤ የጠጠር መንገዱ ከመሀል ወደ ዳር ከ4 እስከ 6 በመቶ ያህል ሊኖረው የሚገባውን ተዳፋት ማግኘት አይችልም፤ ውሃው መሀሉ ላይ ይተኛል። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ገንዘብ የሚሰበስበው በዋናነት በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ ነው። ናፍጣ የሚቀዳ ሹፌር ሁሉ የዚያን መንገድ ጥገና አስቀድሞ ከፍሏል። በደንብ ሳይፈተሽ የወጣ ማሽን የበላው የእሱን ገንዘብ ነው።

የሥራ አስኪያጆች ጭንቀት ይገባኛል። ውሉ ጊዜ አለው፣ ዝናቡም አይጠብቅም፣ መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ እጥረት ወራት ይፈጃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ግፊቱ የሚያርፈው በመጨረሻ ትንሹ ሰው ላይ ነው፤ ክዳኑን በሚከፍተው፣ ከሥር በሚገባው፣ ካቻቢቴውን በያዘው ላይ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የሥራውን አደጋ እንዲያስረዳና መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። በጋራዥ ውስጥ ያ አሠሪ ማለት በተግባር እናንተ ናችሁ። ልጁ ዋና ሥራ አስኪያጁን አያውቀውም፤ የሚያየው እናንተን ነው። እናንተ «አይወጣም» ካላላችሁ ማንም አይልም። እናንተ ካላችሁ ደግሞ፣ ለሽበታችሁም ለሙያችሁም ሲባል፣ ብዙ ጊዜ ይሰማል።

በየግቢያችሁ ይህን አድርጉ። የርክክብ ቅጹ ላይ የተፈተሸበት ጭነት፣ የተፈተሸበት ቦታና ዳይሬክት የተደረገ ነገር መኖር አለመኖሩ ይጻፍ። ፍተሻው ሲደረግ ማሽኑን የሚረከበው ኦፕሬተርና ረዳቱ ይገኙ፤ እጃቸውን ሳይሆን ካርቶኑን ሲጠቀሙ እዩአቸው። ከእነሱ ፊት እናንተም በመዳፋችሁ ቱቦ አትዳስሱ፤ ለአንድም ቀን፣ ለአንድም ደቂቃ። ክረምቱን ሙሉ የቆመ የሬንጅ መኪና ካላችሁ ደግሞ መስከረምን ሳትጠብቁ በዚህ ሳምንት የታችኛውን ቧንቧ አስከፍቱ፣ ውሃው እስኪያልቅ ይፍሰስ፣ የክዳኑን ጎማ ቀይሩ፣ ቴርሞሜትሩን ከከተማችሁ ከፍታ ጋር አመሳክሩ። ያ ሳይደረግ ቅጹ ቢመጣላችሁ አትፈርሙ።